ከኋላ ለቆማችሁ

እንኳን አደረሳችሁ! አዲሱ ዓመት የጤናና የሰላም ይሁንላችሁ። መልእክቴ እንደ ልማዴ ዘግይቷል። እናንተ መልካም ምኞት ተለዋውጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው እኔ ስልኬን ያነሳሁት። ይቅርታ። ዘንድሮ ግን ለመዘግየቴ ምክንያት አለኝ። ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በሮክ ሙዚቃ ነው። አንዳንዶቻችሁን ያገኘኋችሁ የኮንሰርት ሰልፍ ላይ ነው። ከአንዳንዶቻችሁ ጋር የተዋወቅነው ደግሞ እግሬን ረግጣችሁ ነው። ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። በዓል በመጣ ቁጥር "እስካሁን ካየኸው ምርጡ ኮንሰርት የቱ ነው?" እያላችሁ ታደርቁኛላችሁ። ዘንድሮ ልመልስላችሁ ቁጭ ብዬ ሳስብ ራሴን ታዘብኩት። የትኛውን ዘፈን ከየትኛው እንዳስከተሉ ጠፍቶብኛል። አንዳንዴ ባንዱም ይምታታብኛል። ያልጠፋብኝ አጠገቤ ማን እንደቆመ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ወደ ጎን ትቼ አጠገቤ ስለቆሙት ላውራ።

የመጀመሪያው ጊዜ ከአብሮ አደጌ ጋር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የባንዱን ስም አልጠቅስም፤ ከጠቀስኩ በዓሉን በክርክር ነው የምናሳልፈው። በሩ የሚከፈተው ማታ ነው፣ እኛ በቀትር ተሰልፈናል። አብሮ አደጌ "ከፊት ካልቆምክ አየሁ አትበል" የሚል ሰው ነው። በሩ ሲከፈት ሮጥን። የብረቱን አጥር በሁለት እጃችን ጨበጥን። ከዚያ በኋላ ለአምስት ሰዓት ንቅንቅ የለም። ውኃም አልጠጣንም። የጠጣ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ሽንት ቤት የሄደ ቦታውን ያጣል።

ታዲያ ከፊት የቆመ ሰው ምን ያያል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጫማ ያያል። መድረኩ ከራሳችን በላይ ነው። የጊታሪስቱ የግራ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ነበር። ሦስት ዘፈን ሙሉ ዓይኔን ከዚያ ክር ላይ መንቀል አቃተኝ። አሁን ረገጠው፣ አሁን ወደቀ እያልኩ። በዚያው እግሩ የጊታሩን ድምፅ የሚቀይርበትን ፔዳል ሲመታ ክሩ ይዘላል፣ ተመልሶ ይጋደማል። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ በእንብርክኩ እየዳኸ መጣና አሰረለት። ሰውየው ጊታሩን አላቋረጠም፣ ቁልቁልም አላየም። ከዚያ ምሽት ሁሉ ዓይኔ ላይ የቀረው ያ ክር ነው።

ሙዚቃውን ደግሞ የሰማሁት በጆሮዬ ብቻ አይደለም። ትልቁ ከበሮ ሲመታ ደረት ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ልቤ የተዛባ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አብሮ አደጌ ዞር ብሎ ፊቴን አየና ሳቀብኝ። ሳቁ አይሰማም፣ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው።

ወጥተን ስናወራ ሁለታችንም እየጮኽን ነው። ጆሮዬ ጭው ብሏል። ሦስት ቀን ሙሉ ጭው እንዳለ ቆየ። እኛ እቴ፣ እንደ ሜዳሊያ ቆጠርነው። "ያንተ ቆመ? የኔ ገና ነው" እንባባላለን። ጅሎች።

እዚህ ጋ በበዓል ምድር ትንሽ ልቆጣ። ባለሙያዎች የድምፅን ኃይል በዴሲቤል ለክተው የሚሠሩበት ስሌት አለ። 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ ውስጥ ሰው በቀን ስምንት ሰዓት ቢቆይ ነው ወሰኑ። ከዚያ በላይ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። አስሉት። 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርሱ የቀራችሁ 15 ደቂቃ ነው። የሮክ ኮንሰርት ደግሞ 100ን በቀላሉ ያልፋል። ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን ውስጥ ቻርልተን ሜዳ ሲጫወት፣ ከስፒከሮቹ 32 ሜትር ርቀት ላይ 126 ዴሲቤል ተለክቶ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር። ጊነስ በኋላ ውድድሩን ራሱ ተወው፤ ሰዎች ለክብረ ወሰን ብለው ጆሯቸውን እንዳያጡ። የዚያው ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ ጆሮው መጎዳቱን ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። "እውነተኛ ሮከር ጆሮውን አይደፍንም" የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ መድረክ ላይ ያሉት ጆሯቸው ውስጥ የሰኩት ነገር ጌጥ መሰላችሁ? እኔ ዛሬም ቤቱ ጸጥ ሲል ግራ ጆሮዬ ያፏጫል። ያን ቀን ስፒከሩ በግራ በኩል ነበር። በቃ፣ ቁጣዬ አለቀ።

ቀጥሎ አባቴ መጣ።

አባቴ ሮክ አይወድም። ከክፍሌ ዘፈን ሲሰማ "ይህን ሰውዬ ምን አድርገውት ነው?" ይላል። ስለ ሮክ የሚያውቀው አንድ ነገር ላይቭ ኤይድ የተባለውን ኮንሰርት ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 13 ቀን 1985፣ በለንደኑ ዌምብሌይና በፊላደልፊያው ጆን ኤፍ ኬኔዲ ስታዲየም በአንድ ቀን የተካሄደውን። ዘፋኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር በኢትዮጵያ ለተራበው ሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ያዘጋጁት ነው። እኔ ስለዚያ ቀን ሳወራ ኩዊን የተባለው ባንድ በ21 ደቂቃ ገደማ ሜዳውን የግሉ እንዳደረገው፣ ፊል ኮሊንስ ለንደን ዘፍኖ ኮንኮርድ በተባለው ፈጣን አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ በዚያው ቀን ፊላደልፊያም እንደተጫወተ ነው የምደረድረው። አባቴ ይህን ሁሉ ከጉዳይ አይቆጥረውም። ለእሱ "እነዚያ ለእኛ የጮኹት ልጆች" ናቸው። አለቀ።

አንድ ጊዜ ጓደኛዬ ታመመና ትኬት ተረፈኝ። "አባዬ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ?" አልኩት።

"እነዚያ ለእኛ የጮኹት ናቸው?"

"አይደሉም። ግን የሥጋ ዘመድ ናቸው።"

ኮቱን አነሳ።

ከፊት አልወሰድኩትም። ከመድረኩ ትይዩ፣ ሜዳው መሐል፣ የድምፅ ባለሙያዎቹ ሚክሰራቸውን፣ ማለትም የድምፅ ማስተካከያ ሰሌዳቸውን፣ ዘርግተው የሚሠሩበት በብረት የታጠረ ቦታ አለ። እዚያ ጋ ያቆምኩት አባቴ የሚደገፍበት ብረት ስላለ ነው እንጂ ሌላ ነገር አውቄ አይደለም። ሙዚቃው ሲጀመር ግን አፌን ይዤ ቀረሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤዝ ጊታሩን ከከበሮው ለይቼ ሰማሁ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ባለሙያው የሚያስተካክለው እሱ በቆመበት የሚሰማውን ነው። ስንት ዓመት ከፊት እየተጋፋሁ ጫማ ሳይ ኖሬያለሁ! ጥሩው ድምፅ ለካ እዚህ ኖሯል። የባለሙያን ዋጋ ያወቅሁትም ያኔ ነው። ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1965 ኒውዮርክ ሼይ ስታዲየም ውስጥ ከ55 ሺህ በላይ ሰው ፊት ሲጫወቱ ከጩኸቱ የተነሳ ራሳቸውን መስማት አልቻሉም ነበር። የዚያ ዘመን ማጉያ ለዚያን ያህል ሕዝብ አልተሠራም። በዓመቱ ኮንሰርት እየዞሩ መጫወቱን እርግፍ አድርገው ተዉት።

አባቴ ግን መድረኩን አያይም። ጀርባውን ሰጥቶታል። ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ስለሆነ ዓይኑ ሚክሰሩ ላይ ነው። የሰውየው ጣቶች አንዷን ቁልፍ ገፋ፣ ሌላዋን ሳብ ሲያደርጉ ይከታተላል። በዕረፍቱ ሰዓት አጥሩን ተደግፎ ጠየቀው። "ልጄ፣ እዚያ ኋላ የተከላችኋቸው ስፒከሮች ድምፁን በሽቦ ነው የሚያገኙት። ታዲያ ከመድረኩ ድምፅ አይቀድሙም?"

ወጣቱ ደስ አለው። ማንም ጠይቆት የሚያውቅ አይመስለኝም። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የከበሮውን ምት የሚሰማው ሲሶ ሰከንድ ሊሞላ ምንም ሳይቀረው ነው። ግዙፉ ስክሪን ላይ ዱላው ሲወርድ ያያል፣ ድምፁ ቆይቶ ይደርሰዋል። ሽቦ ግን ወዲያው ያደርሳል። ስለዚህ የኋላዎቹ ስፒከሮች ሆን ተብሎ እንዲዘገዩ ይደረጋል። ያ ባይሆን ከኋላ ያለው ሕዝብ እያንዳንዱን ምት ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰማ ነበር።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። "ይጠብቁታላ" አለ።

ከዕረፍት በኋላ ቁልቁል ሳይ ጫማው መሬቱን ይመታል። ትንሽ ከምቱ ይዘገያል። ምንም አላልኩትም።

የመዘግየቴ ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው። ከፊት ያላችሁት መልካም ምኞት ቀድሞ ደርሷችኋል። እኔ የኋላ ስፒከር ነኝ።

እህቴ "እኔንስ ረሳኸኝ?" እንዳትለኝ፣ የእሷን ባጭሩ። ከእሷ ጋር ያየሁት ምርጥ ኮንሰርት ያልተካሄደው ነው። አራት ሰዓት ተሰልፈን፣ በሩ ጋ ልንደርስ ስንል አንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ ወጣና "የዘፋኙ ጉሮሮ ታሟል፣ ዝግጅቱ ተሰርዟል" አለ። የትኬቱ ገንዘብ እስኪመለስ ሰባት ወር ፈጀ። አዘጋጆቹን አላነሳም፣ በዓል ነው። ያን ማታ ግን ሰልፉ አልተበተነም። አንዱ ባልዲ ገልብጦ መምታት ጀመረ። ሌላው ዘፈኑን አነሳ። ግጥሙን የማያውቅ አልነበረም። በቁም ነገር ወረፋ ስትጠብቅ የነበረችው እህቴ ቆማ የጊታሩን ክፍል በአፏ ስትጫወት አየኋት። ቅሬታዋን ግን አልረሳችም። የፉ ፋይተርስ ባንድ ዘፋኝ ዴቭ ግሮል እ.ኤ.አ. በ2015 ጎተንበርግ ላይ ከመድረክ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ፣ ታሽጎለት ተመልሶ ኮንሰርቱን መጨረሱን እየጠቀሰች "የኔው ሰውዬ በጉሮሮ ቀረ!" ትላለች። እዚህ ላይ አልስማማም። እግር የተሰበረ ተቀምጦ ይጫወታል፣ የታመመ ጉሮሮ ግን ካልተኛ አይድንም። ይህ ክርክራችን ለሚቀጥለው በዓልም ይደርሳል።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ልጄን ይዣት ሄድኩ። ሰባት ዓመቷ ነው። ቀይ የጆሮ መሸፈኛ ገዛሁላት። ትንሽ ሰፍቷታል፤ ራሷን በነቀነቀች ቁጥር ወደ አንገቷ ይወርዳል፣ እኔ ወደ ላይ እመልሳለሁ። ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኳትና ቁርጭምጭሚቷን ያዝኩ። ራሴን ከበሮ አደረገችው። ምቱን እንዳትስት ደግሞ! ሁለት ዘፈን ሙሉ ተቀጠቀጥኩ። በሦስተኛው መሐል መዳፏ ዝግ እያለ መጣ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ሰውነቷ ከበድ አለኝ። አጠገቤ ያለችውን እህቴን "ምን ሆነች?" ብዬ በዓይኔ ጠየቅኳት። ሁለት እጇን አጣምራ ጉንጯ ላይ አደረገች። ተኝታለች። በምሽቱ ኃይለኛ ዘፈን መሐል፣ አገጯን አናቴ ላይ አስደግፋ።

ባንዱ ሲወጣ ሕዝቡ "ይደገም! ይደገም!" እያለ ሜዳውን አናወጠው። እኔ እጄን ማንሳት አልቻልኩም፣ ቁርጭምጭሚቷን ይዣለሁ። በሹክሹክታ ነው ይደገም ያልኩት።

አንድ የቀረኝ አለ። አብሮ አደጌ አሁን ሩቅ ነው። ሥራ፣ ትዳር፣ የሰዓት ልዩነት፣ የሁላችሁም ታሪክ ነው። ኮንሰርት ላይ ስልክ የሚያነሳ ሰው እንደማልወድ ታውቃላችሁ። መድረኩን ሸፍኖ፣ ዳግመኛ የማያየውን ቪዲዮ ይቀርጻል። በዚህ ዓመት አንድ ሌሊት ግን ስልኬ ጮኸ። ሳነሳው የሚያናግረኝ የለም። ሽሽሽ የሚል ጩኸት ብቻ ነው። ከሥሩ ድም ድም የሚል ነገር አለ። ልዘጋው ስል አንድ የጊታር ዜማ ሰማሁና ቁጭ አልኩ። እነሱው ናቸው። ያ ጫማው የተፈታበት ሰውዬ ነው የሚጫወተው። አብሮ አደጌ ስልኩን ወደ ላይ ይዞልኛል።

ድምፁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስቀያሚ ነበር። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ በሉት። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። በጨለማ ወንበር ላይ ሆኜ፣ ስልኩን በቀኝ ጆሮዬ፣ በደህናው። ዘፈኑ ሲያልቅ ድምፁ መጣ። "ሰማህ?" ብሎ ጮኸ። "ሰማሁ!" ብዬ ጮኽኩ። ቤቱ በሙሉ ነቃ። ልጄ ከክፍሏ ወጥታ ዓይኗን እያሸች "ባንዱ መጣ?" አለችኝ።

"ከየት ሆነህ ነው የምታየው?" አልኩት።

ትንሽ አፈረ መሰለኝ። "ሚክሰሩ ጋ ነኝ። ጉልበቴ ከፊት አላስቆም አለኝ" አለ።

ይኸው ነው። በአዲሱ ዓመት ስድስት ትኬት ይዣለሁ። አባቴ የመጀመሪያው ነው፤ "ሚክሰሩ ጋ ነን አይደል?" ብሎ አረጋግጧል። እህቴ ትመጣለች፣ የዘፋኙ ጉሮሮ ከፈቀደ። ልጄ ዘንድሮ አልተኛም ብላ ምላለች። አብሮ አደጌ ፈቃድ ጠይቋል፣ መልሱን እየጠበቅን ነው። ከእኔ ጋር አምስት ነን፤ ስድስተኛው ትኬት ከእናንተ ቀድሞ ለጻፈልኝ ነው። ከሚክሰሩ በግራ በኩል፣ ከብረቱ አጥር ጥግ ታገኙናላችሁ። የጆሮ መድፈኛ እኔ እይዛለሁ።

መልካም አዲስ ዓመት!