የአንኮ በር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ገና ሲቃረብ ደብረ ብርሃን በመንገደኛ ትጨናነቃለች። ላሊበላ ለመሳለም የሚሄደው ሕዝብ በዚህ ነው የሚያልፈው። ብርዱም አያስቀምጥም፤ ሰው ትኩስ ሻይ ፉት ብሎ ወደ ጣርማበር ይነጉዳል።

እኛ ሸዋዎች ተራራ የሚታለፍበትን ቦታ በር እንለዋለን። ጣርማበር አንዱ ነው። ለእኔ ግን የበሮች ሁሉ በር አንኮበር ነው። የአንኮ በር። አንኮ፣ እንደሚወራው፣ ቦታውን ይዛ የነበረች የኦሮሞ እመቤት ናት። በር መያዝ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ከአንኮበር በታች ገደሉ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ድሮ አሞሌ ጨው የጫነ ግመል ከበረሃ መጥቶ አልዩ አምባ ገበያ ያራግፍ ነበር። ከዚያ ወደ ደጋው የሚወጣው ዕቃ በበሩ ነበር የሚያልፈው። በሩን የያዘ ቀረጡንም ያዘ።

ኋላ የሸዋ ነገሥታት መጡ። ሣህለ ሥላሴም አንኮበርን ከተማቸው አድርገው ገዙ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ከታጁራ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ የመጣው እሳቸውን ፍለጋ ነው። ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዞራቸው በፊት እዚያ ነግሠዋል። ይሄ ሁሉ ንጉሥ ሲፈራረቅ ስሙን የነካ የለም። ቤተ መንግሥቱ የነሱ፣ በሩ የአንኮ! እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ባለሥልጣን ስም መቀየር ሲወድ ታውቁት የለ?

ጣርማበር ላይ ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ከ500 ሜትር በላይ ዋሻ ሠራ። አንዳንዱ ዛሬም የሙሶሎኒ ዋሻ ይለዋል። የሙሶሎኒ ስም ግን ከዋሻው አፍ አላለፈም። ተራራው ጣርማበር ነው፣ ወረዳውም ጣርማበር። ረዳቱም "ጣርማበር ወራጅ!" ነው የሚለው።

ለበዓሉ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ዋሻው ጋ ስትደርሱ መብራት አብሩ፣ ቀስ በሉ። ጭጋጉ በጠራራ ፀሐይም ድንገት ይመጣል። ቁልቁለቱን ጨርሳችሁ ደብረ ሲና ስትገቡ ቆሎ ግዙ፤ ለእኔም ጭምር። እዚህ ቤት ዶሮው ገና አልተገነጠለም፣ ሽንኩርቱም እኔን እየጠበቀ ነው።

መልካም ገና!