ድንጋይ ለማየት ሲሲሊ

ሰው ወደ ጣሊያኗ ደሴት ሲሲሊ የሚሄደው ለባሕሩ ነው። እኔ ድንጋይ ልይ ብዬ ሄድኩ። አብሮኝ የተጓዘው ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ። ካታኒያ ከገባን በኋላ ግን እሱም አንገቱን ደፍቶ የእግረኛ መንገዱን ሲመረምር ያዝኩት።

ካታኒያ ጥቁር ከተማ ናት። መንገዱ ጥቁር፣ ደረጃው ጥቁር፣ ብዙው ግድግዳ ጥቁር። ሁሉም ከእሳተ ገሞራው ከኤትና ተራራ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ፣ ላቫ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1693 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ እንደ አዲስ ስትሠራ ግንበኞቹ ድንጋይ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1669 ተራራው ራሱ ደጃፋቸው ድረስ አምጥቶላቸዋል። ላቫው ከኒኮሎሲ አካባቢ ተነሥቶ የከተማዋን ምዕራባዊ ክፍል በላና ባሕር ገባ። ኡርሲኖ የሚባለው ግንብ ያኔ ባሕር ዳር ነበር። ላቫው ግንቡን ዞሮት አለፈና ከፊቱ አዲስ መሬት ሠራ። ዛሬ ግንቡ ከባሕሩ ርቆ በቤቶች ተከቦ ቆሟል።

ዱኦሞ አደባባይ ላይ ከላቫ የተጠረበ ጥቁር ዝሆን አለ። ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው እሱን ነው። እኔን የሳበኝ ግን ካቴድራሉ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ የግራናይት ዓምዶች አሉት። ከጥንቱ የሮማውያን ቲያትር የመጡ ናቸው ይባላል። ጠጋ ብላችሁ እዩዋቸው። ቅንጣቶቹ አንድ በአንድ ይለያሉ። ብርጭቆ የሚመስለው ኳርትዝ ነው፣ ፈዘዝ ያለው ፌልድስፓር፣ ጥቁሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማይካ። ዝሆኑ ላይ ግን ከሩቅ የሚታየው ድፍን ጥቁር ነው።

ሁለቱም አንድ ጊዜ የቀለጠ አለት ነበሩ። ቀለማቸውን የለያየው የተሠሩበት ንጥረ ነገር ነው። ግራናይት ሲሊካ (የአሸዋና የብርጭቆ ዋና ንጥረ ነገር) ይበዛበታል፤ እንደ ባዛልት ያሉት ከላቫ የሚሠሩ ጥቁር ድንጋዮች ደግሞ ብረትና ማግኒዥየም። የቅንጣቱን መጠን የሚወስነው ግን የመቀዝቀዝ ፍጥነት ነው። ግራናይት ምድር ውስጥ፣ ኪሎሜትሮች ወደ ታች ወርዶ፣ በብዙ ሺህ ዓመታት ቀስ እያለ ይረጋል። ስለዚህ ቅንጣቶቹ የማደጊያ ጊዜ ያገኛሉ። ላቫ ግን አየር ሲያገኘው ቶሎ ይደርቃል፤ ቅንጣቶቹም ደቃቅ ሆነው ይቀራሉ።

በነገራችን ላይ ለኩሽና ጠረጴዛ «ጥቁር ግራናይት» እየተባለ የሚሸጠው ድንጋይ ብዙ ጊዜ ግራናይት አይደለም፤ ጋብሮ ወይም ዶለራይት ነው። ጋብሮ ማለት ደግሞ ወደ ላይ ሳይወጣ እዚያው ጥልቀት ውስጥ የቀዘቀዘ የባዛልት ወንድም ነው። ለጠረጴዛው ግን ግድ የለም። ሁሉም ጠንካሮች ናቸው፤ ሲለሰልሱም ያምራሉ።

ከዚያ ወደ ኤትና ወጣን። ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ ኬብል ካሩ የሚነሣው ከ1,900 ሜትር ገደማ ነው። እውነቱን ለመናገር ግርግሩ አልተመቸኝም። እዚያው ጣቢያው አጠገብ ያሉት፣ በ1892 ፍንዳታ የተፈጠሩት የሲልቬስትሪ ጉድጓዶች ይበልጥ ደስ ይላሉ። ዙሪያቸው ሁሉ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ቀላል ድንጋይ ነው፤ ስኮሪያ ይባላል። ቀዳዳው የጋዝ ቦታ ነው። አንዳንዱ ቀይ ነው፣ ትኩስ ሳለ በውስጡ ያለው ብረት ከአየር ጋር ስለተዋሃደ። ቀላል በመሆኑ ለግንባታ ብሎኬት፣ ውኃ ስለሚያሳልፍ ደግሞ ለአትክልት ቦታ ይፈለጋል።

አስጎብኚያችን አንድ የተሰበረ ላቫ አንሥቶ አሳየን። ከሩቅ ጥቁር የነበረው ድንጋይ ውስጡ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው። እነዚህ ማግማው፣ ማለትም የቀለጠው አለት፣ ገና ከታች ሳለ ቀስ ብለው ያደጉ የፌልድስፓር ቅንጣቶች ናቸው። በ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያለው ፈሳሽ ይዟቸው ወጣና ዙሪያቸውን በፍጥነት ደረቀ። አንድ ድንጋይ፣ ሁለት ፍጥነት። ከጉዞው ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

ባዛልትን ጠንካራ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ደቃቅ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። ስለዚህ ኮብልስቶን ይሆናል፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር ይደለደላል፣ ተፈጭቶ አስፋልት ውስጥ ይገባል። እንደገና አቅልጠው ሲያሾሩት ደግሞ ወደ ቀጭን ክር ይለወጣል። በሕንፃ ግድግዳ ውስጥ ሙቀትንና ድምፅን የሚያግደው የድንጋይ ሱፍ እንዲህ ነው የሚሠራው። እሳት አይበላውም፤ ከእሳት የወጣ ነገር አይደል!

ከሚላዞ ወደብ በፈጣን ጀልባ ሊፓሪ ደሴት ስትደርሱ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ሰሜን ምሥራቁ በኩል ያለው የተራራ ጎን ነጭ ነው። ፑሚስ ነው፤ ተረከዝ የምንፈገፍግበት ድንጋይ። የሊፓሪ ማግማ ሲሊካ የበዛበትና የሚያጣብቅ ስለሆነ ጋዙ በቀላሉ አያመልጥም። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ድንገት ይቀንሳል። ያኔ ተነቅንቆ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ይገነፍላል፣ አረፋውም ሳይከስም ይደርቃል። ውኃ ላይ ጣሉት፣ ይንሳፈፋል። ጂንስ ሱሪ ያረጀ እንዲመስል አብረው ያጥቡበታል፤ የመካኒክ እጅ ማጠቢያ ሳሙና ውስጥም ይገባል። የሊፓሪ የፑሚስ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ2007 ቆሟል። ሊፓሪና አጎራባች ደሴቶቿ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ናቸው። ባሕሩ ዳር የቀሩት የዛጉ ማሽኖችና መጫኛዎች ለእኔ ከመዋኛው ቦታ ይበልጥ ይታያሉ።

ከነጩ ተራራ አጠገብ ሮኬ ሮሴ የሚባል የኦብሲዲያን ፍሰት አለ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ባልጩት። ከፑሚሱ ጋር በንጥረ ነገር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ይሄኛው ጋዙ ወጥቶለት፣ ቅንጣት ሳይሠራ ብርጭቆ ሆኖ የቀረ ነው። በአዲሱ የድንጋይ ዘመን የሊፓሪ ባልጩት ምላጭና ቢላ እየሆነ በጀልባ እስከ ጣሊያን ዋና ምድር ተሻግሯል። ዛሬ ቱሪስት የሚያየው ይህ ፍሰት ግን የመካከለኛው ዘመን ነው። የጥንቶቹ ሰዎች የቆረጡት በደሴቲቱ ላይ ያለውን ሌላ፣ እጅግ የቆየ ፍሰት ነበር።

ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ወፍራም ጫማ አድርጉ። ስባሪው ዛሬም ይቆርጣል።