ከመስከረም እስከ ኅዳር፦ የቪትዜን ሞተር ቤት ውስጥ ማጽዳት እንዴት እንደተማርኩ

ቤቴ ደሴ፣ እንጀራዬ ኮምቦልቻ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ጠዋት የሐረጎን ዳገት ወርጄ ማታ መልሼ እወጣዋለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆኑ መኪናዬ በየማታው ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣለች። እንዲህ የምትለፋ ቪትዝ ክረምቱን በጭቃ ውስጥ ስትመላለስ ከርማ መስከረም ላይ ኮፈኑን ስከፍተው፣ ሞተሩ ላይ ዘይትና አቧራ ተጋግሮ እንደ ሊጥ ሆኖ አገኘሁት። ዘይት እንደምትጨርስ ከመለኪያ ዘንጉ አውቃለሁ። በየት በኩል እንደምታፈስ ግን በዚያ ጥቁር ልባስ ሥር ሊታይ አይችልም። ሞተሩን ማጽዳት የፈለግኩት ለዚሁ ነበር፤ የሚያፈሰውን ቦታ ለማየት።

መስከረም ላይ አቋራጩን መረጥኩና ላቫጆ ወሰድኳት። ሞተሩ ገና ትኩስ ነው፤ ባትሪው አልተፈታም፤ ምንም ነገር አልተሸፈነም። ናፍጣ ረጭተው በኃይለኛ ግፊት ውሃ አጠቡት። ሲያልቅ አዲስ መስሎ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። ማታ ሐረጎ ዳገት ላይ ስደርስ መኪናዋ ጉልበት አጣች፤ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ የሞተር መብራቱም ብልጭ ድርግም ይል ገባ። ደሴ የደረስኩት ከአራቱ ሲሊንደሮች በሦስቱ ብቻ እየሠራች በኤሊ እርምጃ ነው።

በማግስቱ ያሳየኋቸው መካኒክ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ ድምፁን ብቻ ሰምተው፣ “ልጄ፣ ሞተር ታጥቦ ነበር እንዴ?” አሉኝ። አዎ ስላቸው አራቱን ኮይሎች ተራ በተራ መዘዟቸው። ሦስተኛው ሲወጣ ጫፉ ላይ ያለችው የጎማ ልባስ ውሃ ታንጠባጥብ ነበር። ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ የገባበት ጉድጓድ ውስጥ አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ውሃ ተኝቷል። “ይቺን ጎማ እያት” ብለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዕድሜ ብዛት ደርቃ ጫፏ ላይ ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ነበሯት። ግፊት ያለው ውሃ በዚያች ስንጥቅ ገብቷል። ኮይሉ ወደ ካንዴላው የሚልከው ኤሌክትሪክ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ውሃና ቆሻሻ ሲያገኝ በካንዴላው ጫፍ መዝለሉን ትቶ በቀላሉ መንገድ ወደ ብረቱ ያመልጣል። ያ ሲሊንደር ስለማይለኮስም ቤንዚኑ ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው ይወርዳል። እዚያ ያለውን የጭስ ማጣሪያ በሙቀት ሊያቃጥለው ስለሚችል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል መንዳት መቀጠል አልነበረብኝም። ጋሼ ጉድጓዱን በኮምፕሬሰር አየር ነፍተው አደረቁልኝ፤ ጎማዋም ተቀየረች።

የናፍጣው ነገር ደግሞ ከሳምንት በኋላ ነው የታየኝ። ናፍጣ ቅባት ያሟሟል እንጂ ራሱም ቅባት ጥሎ ይሄዳል። አቧራው ተመልሶ በላዩ ላይ ተለጠፈ። የጎማ ቱቦዎችንም ቀስ በቀስ እያሳበጠ ያላላቸዋል። በቤንዚን የሚያጥቡ ሰዎችም አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን ተዉት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ኮፈኑ ሥር ይተኛል፤ ከባትሪ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች።

ጥቅምት ላይ ራሴ ለመሞከር ወሰንኩ። ባትሪውን ፈታሁ፤ በቀስታም ሠራሁ። ሁለት ነገር ግን ተበላሸብኝ። የመጀመሪያው፣ ኦሞ አወፍሬ በጥብጬ አልሙኒየሙ ላይ ቀባሁና ስልክ ሳናግር ደረቀብኝ። ኃይለኛ ሳሙና አልሙኒየምን ይነካዋል፤ ነጭ ጅራት የመሰለ ምልክት ትቶ ዛሬም አለ። በረኪና ከዚህ የባሰ ነውና ወደ ሞተር አታስጠጉት። ሁለተኛው የደሴ አየር ነው። ሥራውን የጀመርኩት ከሰዓት በኋላ ስለነበር ከጦሳ ተራራ ወገን ጉሙ ወርዶ ቀኑ ተዘጋ። ውሃው በየሶኬቱ ሥር እንደቆመ አደረ። ጠዋት በጨርቅ አንድ በአንድ ካላበስኩ አላስነሳም ብዬ ሥራ አረፈድኩ።

ኅዳር ላይ ያደረግኩት ግን ተሳክቶልኛል፤ በዝርዝር ልንገራችሁ። ቀኑ እሑድ ነው፤ ቦታው ኮምቦልቻ፣ የእህቴ ግቢ። ከደሴ ዝቅ ያለና ፀሐያማ ስለሆነ እርጥበት አያሳድርም። ከደሴ ወርጄ እንደደረስኩ ኮፈኑን ከፍቼ ተውኩት። እህቴ ቡና አፍልታ አቦሉም ቶናውም እስኪጠጣ ሞተሩ እጅ የሚያስቀምጥ ሆነ። ትኩስ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ያስደነግጠዋል፤ ሳሙናውም ሳይሠራ ይደርቃል፤ እጅንም ያቃጥላል። ለብ ያለ ሞተር ግን ቅባቱን ቶሎ ይለቃል።

በመጀመሪያ ባትሪው። በ10 ቁጥር ቁልፍ ጥቁሩን፣ ማለትም ኔጋቲቩን፣ አስቀድሜ ፈታሁ። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ይረጫል። ኔጋቲቩ ከወጣ ግን መንገዱ ተቋርጧል፤ ቁልፉ ቢነካም ምንም አይሆንም። ሲገጠም ኔጋቲቩ የመጨረሻ ነው። ባትሪ መፍታት ሌላም ጥቅም አለው፤ የራዲያተሩ ቬንትሌተር እጃችሁ ውስጥ እያለ በድንገት አይነሳም። የባትሪው ራስ ላይ ነጭ አረንጓዴ ዱቄት አብቦ ነበር። አንድ ማንኪያ ቢካርቦኔት በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጬ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀባሁት። አሲድ ስለሆነ ጭስስ ብሎ አረፋ ያወጣል። አረፋው ሲቆም በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ፤ ከዚያ በደረቅ። ለዚህች ሥራ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። በቢካርቦኔቱ ጊዜ የባትሪው ክዳኖች መዘጋታቸውንም አይቻለሁ፤ ብጥብጡ ውስጥ ከገባ ባትሪውን ይገድለዋል።

ቀጥሎ ደረቅ ሥራ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ ለኔ ግን ግማሹ ጽዳት ይኸው ነው። በዝናብ መጥረጊያው ሥር የተጠራቀመውን የባሕር ዛፍ ቅጠል በእጄ ለቀምኩ፤ አንድ ፌስታል ሞላ። ደረቅ ቅጠል ጭስ ማውጫው አጠገብ መቀመጡ ራሱ አደጋ ነው፤ የውሃ መውረጃውንም ይደፍናል። የተጋገረውን ቅባት በእንጨት ፈቀፈቅኩ፤ አቧራውን በቀለም ብሩሽ አራገፍኩ። ይህን ሳላደርግ ውሃ ባስነካው ኖሮ ሁሉም ጭቃ ይሆን ነበር።

ከዚያ ሽፋን። ዲናሞውን፣ የፊውዝ ሳጥኑን፣ ኮይሎቹን፣ የአየር መሳቢያውን አፍና የባትሪውን ራስ በፌስታል ጠቅልዬ በላስቲክ አሰርኩ። አምስት ፌስታል ነው። ቁጥሩን ካርቶን ላይ ጻፍኩት፤ ምክንያቱም አንዱ ተረስቶ ሞተር ቢነሳ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሊጎትተው ወይም አየር መሳቢያው ሊውጠው ይችላል። ሲያልቅ አምስቱን ቆጥሬ ነው ያወጣሁት።

ሳሙናው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ማንኪያ፣ በመርጫ ጠርሙስ። የሞተሩን ቦታ በአራት ከፍዬ አንዱን ብቻ ረጭቼ ሦስት ደቂቃ ያህል ጠብቄ፣ ሳይደርቅ በብሩሽ ፈትጌ በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ቱቦ አልነካሁም፤ ባልዲ አልደፋሁም። ለሁሉም የወጣው ውሃ የአንድ ጀሪካን ሩብ አይሞላም፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሬቱ ላይ ካርቶን ዘርግቼ በላዩ ከእንጨት ቤት ያመጣሁትን ሰጋቱራ በትኜ ነበር፤ ዘይት ያዘለውን እጣቢ ሁሉ መጠጠው። የኛ ቦይ መድረሻው ቦርከና ወንዝ ነው፤ በቦርከና ደግሞ ከታች ሰው ያለማበታል። ሰጋቱራውን በቆርቆሮ ሰብስቤ የተቃጠለ ዘይት ለሚያጠራቅም ጋራዥ ሰጠሁ።

የፈለግኩትን ያገኘሁት ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። የሞተሩ የላይኛ ክዳንና ከሥሩ ያለው የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ የሚገናኙበትን መስመር በጥርስ ብሩሹ ስከተል፣ ወደ ጭስ ማውጫው በሚዞረው ጥግ ላይ ብሩሹ የነካው ሁሉ ጸድቶ አንድ የጣት ስፋት ያላት ቦታ ግን እንደገና ወዛች። ጠረግኩ፤ ጠበቅኩ፤ ደግማ ወዛች። የተቃጠለ ዘይት ሳይሆን ማር የመሰለ ንጹሕ ዘይት። ክዳኑ ሥር ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዘው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ደርቆ በዚያች ጥግ ለቋል። ዳገት ስወጣ አልፎ አልፎ ካቢን ውስጥ የሚሸተኝ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከየት እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ጠብታው ትኩሱ ጭስ ማውጫ ላይ ነበር የሚወርደው።

ካደረቅኩ በኋላ ኮፈኑን ከፍቼ ሁለት ሰዓት ፀሐይ አስመታሁት። ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ቀጭ እስኪሉ ገፋኋቸው። የፕላስቲክ ማብሪያ ቅባት አልቀባሁም፤ ቺንጋው ላይ ከፈሰሰ ያንሸራትተዋል፤ እኔም ንጹሑን ብረት ማየት ነው የምፈልገው። ባትሪው ከተገጠመ በኋላ ሬዲዮው ጣቢያዎቹን ረስቷል፤ ሞተሩም ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ዝቅ ብሎ ረጋ። በአራቱም ትሠራለች።

በሳምንቱ እኚያው ጋሼ ጋ ሄጄ ቦታዋን በጣቴ አሳየኋቸው። “አሁን ሥራ ቀለለ” ብለው ጓርኒሲዮኑን በዚያው ቀን ቀየሩልኝ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ነጭ ሶፍት በዚያች ጥግ ላይ አሻለሁ። አራት ቅዳሜ ሆነ፤ ሶፍቱ የሚወጣው በአቧራ ብቻ ነው፤ የዘይት መለኪያውም ከላይኛው መስመር አልወረደም።