ጋን በሚታጠብበት ሰሞን

ለወይን ብሎ ወደ ጆርጂያ የሚሄድ ሰው መስከረምን ይመርጣል፤ ዘለላ ሲቆረጥና ቅርጫት ሲሞላ እያየ ይውላል። እኔ የአገሪቱ ምሥራቃዊ የወይን ምድር ወደሆነችው ካኬቲ የደረስኩት በመጋቢት መጨረሻ ነው። ወይኑ ተመልምሎ ጉቶ የመሰለ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ከትብሊሲ ወደ ቴላቪ የሚወስደው የጎምቦሪ ተራራ መንገድ ጥምዝምዙ ሆድ ያውካል፤ አናቱ ላይ በረዶው ገና አልለቀቀም። ቁልቁለቱ ሲያልቅ የአላዛኒ ሸለቆ ሜዳ ሆኖ ተዘረጋ፤ ከማዶ የካውካሰስ ተራሮች ነጭ ነጠላ እንደ ተከናነቡ ቆመዋል።

የወይን ጠጅ ቤቱ የአባትና የሴት ልጅ ነው። ልጅየዋ በር ላይ ስትቀበለኝ መጀመሪያ ያየችው ጫማዬን ነበር። «ይበሰብስብዎታል፤ ዛሬ እጥበት ላይ ነን» አለችና የአባቷን ቦት ጫማ አመጣችልኝ። ሁለት ቁጥር ይበልጠኛል።

ማራኒ በሚሉት የወይን ጠጅ ማኖሪያ ክፍል ወለል ላይ ክብ ክብ አፎች ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ሥር ክቬቭሪ የሚባል ትልቅ ሸክላ እስከ አንገቱ ተቀብሯል። ጋን በሉት፤ ልዩነቱ ታቹ መሾሉና ውስጡ የንብ ሰም መቀባቱ ነው። ጭማቂው ከነቆዳው፣ ከነፍሬው፣ በካኬቲ ልማድ ደግሞ ከነግንጫፉ ይገባበታል። መፍላቱን ሲጨርስ ይታሸግና እስከ ጸደይ ይቀመጣል። ታቹ የሾለው ለጌጥ አይደለም፤ ፍሬው ቀድሞ ጫፉ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ቆዳው በላዩ ላይ ይተኛበታል፣ በዚህም ምሬቱ ወደ ወይኑ አብዝቶ አይወጣም። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከትብሊሲ በስተደቡብ ጋዳችሪሊ ጎራ ላይ በተገኘ የሸክላ ስብርባሪ የታየው የወይን ቅሪት ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 6000 ዓመት ይወስደናል።

ቋንቋቸው ለእኛ አፍ የተሠራ ይመስላል። አተላውንም ከእሱ የሚወጣውን አረቄም ጫጫ ይሉታል፤ አብረውኝ የነበሩ አውሮፓውያን «ቻቻ» ከማለት አላለፉም፣ እኔ ግን ጨን ጠበቅ አድርጌ ስጠራው ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። የሚጠጡበት የቀንድ ዋንጫ ስሙ ቃንጺ ነው። ከ«ቀንድ» ጋር መቀራረቡ አጋጣሚ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

ከግድግዳው ማዶ የልጅየዋ ክፍል ነው፦ የማይዝግ ብረት በርሜሎች፣ ማቀዝቀዣ፣ ስኳርና አሲድ የሚለካበት ጠረጴዛ። ርካጺቴሊ ከተባለው አንድ የወይን ዝርያ ሁለት ዓይነት ወይን ጠጅ ቀዳችልኝ። በብረቱ ውስጥ ያለ ቆዳው፣ በቅዝቃዜ የፈላው ጠራ ያለና ቀላል ነው፤ ፖም ፖም ይላል። ጥሩ ነው፤ የትም አገር ልጠጣው እችል ነበር። የክቬቭሪው ግን መልኩ የወፈረ ሻይ፣ ሽታው የደረቀ ኮክ ሆኖ ምላስን ያዝ ያደርጋል። የቱን እንደሚወዱ አባትየውን ብጠይቃቸው ወደ ብረቱ በአገጫቸው አመልክተው «እሱ ዕዳ ይከፍላል» አሉ። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጆርጂያን ወይን ጠጅ አግዳ እስከ 2013 በሯን ስትዘጋ ሌላ ገዢ መፈለግ ግድ ሆኖ ነበር፤ በርሜሎቹ የዚያ ዘመን ግዢ ናቸው።

የዕለቱ ሥራ 2 ሺህ ሊትር የሚይዝ፣ ወይኑ ተቀድቶ ያለቀ ክቬቭሪ ነበር። ላጎነብስ ስል ልጅየዋ ኮቴን ይዛ ሳበችኝ። ወይን ሲፈላ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ሳያስጠነቅቅ ሰው ይገድላል። አባትየው ሻማ ለኩሰው በገመድ ወደ ታች ሰደዱ። እሷ ከኪሷ የጋዝ መለኪያ አውጥታ በሌላ ገመድ ሰደደች። ሁለቱም አንገታቸውን አቀርቅረው ጠበቁ፤ የየራሳቸውን ገመድ ብቻ ያዩ ነበር። ሻማው አልጠፋም፣ መለኪያውም አልጮኸም። አንዱን ብቻ ይዘው ሰው ወደ ውስጥ እንደማያስገቡ ነገረችኝ።

የገባው ቀጭኑ የወንድማቸው ልጅ ነው። ከቼሪ ልጥ በተሠራ ብሩሽ ግድግዳውን ሲፈትግ፣ «ውሃ!» ሲል ድምፁ ከከበሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ባልዲ ሲወርድ፣ ባልዲ ሲወጣ፣ መጀመሪያ ሐምራዊ አተላ፣ ኋላ ድፍርስ፣ ኋላ ሻይ መሳይ። ሰዓት ተኩል ቆምኩ። እናቴ የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ስትፈትግና በወይራ ስታጥን ልጅ ሆኜ የሚሰለቸኝን ሁሉ አስታወስኩ። እዚህ የሚታጠነው በድኝ ነው።

ልጁ ከወጣ በኋላ የመጨረሻው እጣቢ ጠራ። ልጅየዋ ብርጭቆውን ከመብራት ጋር አስተያይታ ራሷን ነቀነቀች፤ አባትየው ግን ተቀብለው ግማሹን ጠጡና ቀሪውን ዘረጉልኝ። «እንግዳ ካልጠጣው አልጠራም ይላሉ» ብላ ተረጎመች፤ የምትቀልድ አይመስልም። ጠጣሁት። የአያቴ የእንስራ ውሃ ነው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሰም ሰም የሚል። ሽማግሌው ፊቴን አዩና ድኙን ሊያመጡ ሄዱ።