ጀርመንኛን ለምን ፈለጋችሁት?

«ጀርመንኛ ለመጨረስ ስንት ወር ይፈጃል?» የሚል መልእክት ዘወትር ይደርሰኛል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች እንደ እኔ ነርሶች ናቸው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ለምን ፈለጋችሁት? የምጠይቀው ለወግ አይደለም። ምክንያቱ ካልታወቀ የት ድረስ መማር እንዳለባችሁ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ለአንዱ የሦስት ወር ትምህርት ይበቃዋል። ለሌላው ዓመት ተኩልም ሊያንሰው ይችላል።

የምሠራው ሀምቡርግ፣ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነው። ትምህርቱን የጀመርኩት ግን አዲስ አበባ ነው፤ ቀን ሥራ፣ ማታ ጀርመንኛ። ስለዚህ የምጽፈው ሁሉ ከነርስ ዓይን የታየ ነው።

መጀመሪያ ስለ ደረጃዎቹ። ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1፣ ሲ2 የሚባሉት ጀርመኖች ለራሳቸው ያወጧቸው አይደሉም። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው መለኪያ ነው፤ ለፈረንሳይኛም ለጣሊያንኛም ያው ነው። የምወድለት አንድ ነገር አለ። መለኪያው ስንት ቃል ሸመደድክ ብሎ አይጠይቅም። በቋንቋው ምን መሥራት ትችላለህ ነው የሚለው። ስለዚህ «ቢ1 ነኝ» ማለት «መጽሐፉን ጨርሻለሁ» ማለት አይደለም። የደረሰብኝን ነገር ከነምክንያቱ መናገር እችላለሁ ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ ባሏ እዚህ ነው። ለትዳር ጓደኛ ቪዛ በአብዛኛው የሚጠየቀው ኤ1 ስለሆነ እሷ ከዚያ በላይ መጨነቅ አላስፈለጋትም። ለፈተናው በስልክ አብረን እንለማመድ ነበር። የንግግሩ ክፍል ራስን በማስተዋወቅ ይጀምራል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ የመኖሪያ ቦታ፣ የምትናገሪው ቋንቋ፣ ሥራ፣ የትርፍ ጊዜ። ይሄ ይሸመደዳል። ቀጥሎ ግን ፈታኙ «ስምሽን ፊደል በፊደል ንገሪኝ» ይላል። የእኛ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። ከልጅነታችን የእንግሊዝኛውን የፊደል አጠራር ለምደናል። በእንግሊዝኛ «ኢ» ብለን የምንጠራውን ፊደል ጀርመኖች «ኤ» ይሉታል፤ በእንግሊዝኛ «አይ» የምንለው ደግሞ እነሱ ጋ «ኢ» ነው። የእኛ ስም ደግሞ በእነዚህ ሁለት ፊደሎች የተሞላ ነው። የአክስቴን ልጅ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የሰፈሯን ስም ሳይቀር አስቆጠርኳት። የስልክ ቁጥሯንም እንደዚያው። ጽሑፉ ላይ አንድ ቅጽ መሙላትና ወደ 30 ቃል የሚሆን አጭር መልእክት መጻፍ ይጠበቃል። ከ100 ነጥብ 60 ያገኘ ያልፋል። እሷም አለፈች፤ አሁን ልጇን መዋዕለ ሕፃናት የምታደርሰው ራሷ ናት።

ኤ2 የገበያና የቀጠሮ ጀርመንኛ ነው። ብዙ አላወራበትም፤ ኤ1ን በደንብ የያዘ ሰው ይወጣዋል። ቢ1 ግን ትልቅ በር ነው። ለቋሚ መኖሪያም ለዜግነትም በመደበኛነት የሚጠየቀው እሱ ነው። ባቡር አምልጧችሁ ብትዘገዩ ለምን እንደዘገያችሁ ታስረዳላችሁ። ከአከራያችሁ ጋር ስለ ማሞቂያው ትነጋገራላችሁ። ብዙ ሰው ቢ1 ሲይዝ ቋንቋውን የጨረሰ ይመስለዋል።

ለእኛ ለነርሶች ግን ዋናው ዳገት ገና ነው። የሙያ ፈቃድ ለማግኘት በአብዛኛው ቢ2 ይጠየቃል። ሰዓቱን ልንገራችሁ። የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም የሆነው ጎተ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ግምት፣ አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ሆኖ፣ ለኤ1 ከ80 እስከ 200፣ ከዜሮ ተነስቶ ቢ2 ለመድረስ ደግሞ ከ600 እስከ 800 ክፍለ ጊዜ ነው። ይሄ የክፍሉ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የሚጠናው አልተቆጠረም። «በአራት ወር ቢ2 እናደርስሃለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን ቁጥር አስቡ።

በቢ1 እና በቢ2 መካከል ያለውን ልዩነት ያወቅሁት በፈረቃ ርክክብ ሰዓት ነው። በቢ1 ሰው እናንተን ሲያናግራችሁ ይገባችኋል፤ እናንተን ስለሚያናግር ቀስ ይላል፣ ይደግማል። ርክክብ ላይ ግን ማንም ለእናንተ ብሎ አይዘገይም። የሌሊቷ ነርስ ደክሟታል፣ ቤቷ መሄድ ትፈልጋለች። የእያንዳንዱን በሽተኛ ነገር በጥቂት ዓረፍተ ነገር ታልፈዋለች፤ ግማሹም በምህጻረ ቃል ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ አለ። ጀርመኖች ቁጥር ሲጠሩ ነጠላውን ያስቀድማሉ። 85ን «አምስትና ሰማንያ» ነው የሚሉት። የልብ ምት 85 ሲሏችሁ በችኮላ 58 ብላችሁ ብትጽፉ አደጋ ነው። እኔ ቁጥርን በቃል ደግሜ ሳላረጋግጥ አልጽፍም፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ሃልብ ዚበን» ሲሉ ጆሯችን ሰባት ተኩል ብሎ ይሰማል። እነሱ ግን ወደ ሰባት ግማሽ ቀረው ማለታቸው ነው፤ ስድስት ተኩል። ያውም በእነሱ አቆጣጠር። በእኛ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው።

ሌላው የቢ2 መለኪያ ስልክ ነው። ማታ ፈረቃ ላይ ናችሁ እንበል። የአንድ በሽተኛ የኦክስጅን መጠን መውረድ ጀመረ። ተረኛው ሐኪም ሌላ ፎቅ ላይ ነው። በስልክ እጅ ማወናጨፍ የለም፣ ፊት ማሳየት የለም። ማን እንደሆናችሁ፣ ከየትኛው ክፍል እንደምትደውሉ፣ በሽተኛው ምን ችግር ይዞ እንደተኛ፣ ከመቼ ጀምሮ ምን እንደተለወጠ፣ ምን እንደለካችሁና ምን እንዳደረጋችሁ በቅደም ተከተል ትናገራላችሁ። ሐኪሙ ያቋርጣችኋል፣ ይጠይቃችኋል። መልሳችሁ ወደ ጀመራችሁት ትመለሳላችሁ። ለፈተና የምትለማመዱ እህቶችና ወንድሞች፣ ይህን በየቀኑ ጮክ ብላችሁ ብትለማመዱት ከየትኛውም የሰዋስው መልመጃ ይበልጣል።

ደግሞ የሚያበረታ ነገር ልንገራችሁ። ጀርመንኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። ጥገኛ ሐረግ ሲመጣ ግሱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ ዕድሜ ልካችንን ግሱን እስከ መጨረሻው ጠብቀን ነው የምንሰማው። በክፍላችን ከእንግሊዝኛ እየተረጎሙ የሚያስቡት እዚህ ጋ ሲሰናከሉ አይ ነበር። በአማርኛ አስቡት፣ ግሱ ራሱ ቦታውን ያገኛል። «ዚ» እና «ዱ» የሚሉት የአክብሮት ልዩነትም ለእኛ አዲስ አይደለም። ለሰማንያ ዓመት አዛውንት «እርስዎ» እንደሚባል ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም። የሚያስቸግረው የስሞቹ ጾታ ነው፤ ከስሙ በፊት የሚመጡት ደር (ወንድ)፣ ዲ (ሴት)፣ ዳስ (ገለልተኛ)። ለእሱ አቋራጭ የለውም። ስሙን ስትይዙ ከነጾታው ያዙት።

ወደ ምክንያቱ ልመለስ። ሥራ ብቻ አይደለም። ለትምህርት የሚመጣ አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የለም፤ ባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ታስከፍላለች። በጀርመንኛ ለመማር ግን ቢ1 አያስገባም፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቴስትዳፍ ወይም ዴኤስሃ የሚባሉትን ከባድ ፈተናዎች ይጠይቃሉ። ሙያ እየተማሩ ደመወዝ የሚያገኙበት አውስቢልዱንግ አለ፤ የነርስነቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዕድል ካርድ የሚባለው የሥራ መፈለጊያ ፈቃድ ደግሞ ሥራ ፈላጊን ጀርመንኛ ኤ1 ወይም እንግሊዝኛ ቢ2 ይጠይቀዋል፤ ጀርመንኛው ከፍ ባለ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል። ሕጉ ስለሚለዋወጥ ከማመልከታችሁ በፊት የኤምባሲውን ገጽ እዩ። የደላላ ወሬ አትስሙ።

የሥራና የቪዛ ጉዳይ የሌለበት ምክንያትም አለ። አባቴ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ሳይሰማ አይተኛም ነበር፤ ሬዲዮው በአማርኛ መናገር የጀመረው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። የሁለቱ አገሮች ትውውቅ ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው ለጀርመናዊው ምሁር ለሂዮብ ሉዶልፍ ስለ አገራችንና ስለ ቋንቋዎቿ አስተምረውታል። ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን አላዩትም፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ከሞቱ አርባ ዓመት አልፎ ነበር። በ1906 ደግሞ በኤኖ ሊትማን የተመራ ቡድን አክሱምን አጥንቶ ሥራውን በ1913 በርሊን ላይ በጀርመንኛ አሳተመ። ታሪክ ወይም አርኪዮሎጂ የምታጠኑ ካላችሁ ስለ ራሳችሁ አገር የተጻፈውን በሰው ትርጉም ብቻ ማንበብ ያሳዝናል። ለእናንተ መናገሩ ቀርቶ ማንበቡ ብቻ ቢደላደል ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ሰርተፍኬት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ቴሌግራም ላይ «ያለ ፈተና እናወጣለን» የሚሉ አሉ። ገንዘባችሁን አትስጧቸው። ኤምባሲው ወረቀቱን ሊያጣራ ይችላል። ካለፈላችሁ ደግሞ ይብሳል። ቢ2 ይዛለች የተባለች ነርስ በመጀመሪያው ሌሊት ስልክ አንስታ መናገር ካልቻለች የሚጎዳው የተኛው ሰው ነው። ይህን ስጽፍ ማንንም ለማሸማቀቅ ብዬ አይደለም። በሽተኞቼን ስለማስብ ነው።

ፈተና ማለፍም ሁሉን ነገር አይሰጥም። ክፍላችን ውስጥ በወደብ ሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ አዛውንት ተኝተው ነበር። የመርሳት ሕመም ስላለባቸው ማታ ማታ መደበኛውን ጀርመንኛ ትተው በልጅነት ቋንቋቸው፣ በፕላት ዶይች፣ ያወሩ ነበር፤ የሰሜኑ ሕዝብ የቆየ ቋንቋ ነው። እንኳን እኔ ከደቡብ የመጡት ጀርመናውያን ባልደረቦቼም አይገባቸውም። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ ሲስቁ እየሳቅሁ፣ «ሞይን» ሲሉኝ «ሞይን» እላቸው ነበር። ሀምቡርግ ውስጥ ሞይን ጠዋትም ማታም ሰላምታ ነው። ቤተሰቦቻቸው ሲመጡ የሚደጋግሟቸውን ቃላት ጠየቅኋቸውና ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ውሃ ሲፈልጉና ሲያማቸው የሚሉትን ለይቼ ካወቅሁ በኋላ ሌሊቱ ለሁለታችንም ቀለለ።

እኔ አሁን ለሲ1 እየተዘጋጀሁ ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ ፈቃዴ በቢ2 ጸድቋል። ግን አዳዲስ ተማሪ ነርሶችን የሚያሠለጥን ባለሙያ መሆን እፈልጋለሁ። ለዚያ 300 ሰዓት ሥልጠና አለው፤ ማንበቡም መጻፉም ብዙ ነው። በእረፍት ቀኔ ጠዋት አንድ የጋዜጣ ጽሑፍ አነብና ሐሳቡን በራሴ አባባል እጽፈዋለሁ። አንዲት ባልደረባዬ ታርምልኛለች፤ እኔም ቡና አፈላላታለሁ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የፈተና ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ ደግሞ በበይነ መረብ ጀምሩ፤ ኤ1ን እቤት ተቀምጦ መጨረስ ይቻላል። ስትጽፉልኝ ግን ከወሩ በፊት ምክንያታችሁን ጻፉልኝ። ባል ጋ ለመሄድ ነው? ለሥራ ነው? ለትምህርት ነው? እሱን ሳውቅ ከየትኛው ደረጃ ጀምራችሁ የት ላይ ማረፍ እንደምትችሉ የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።