86 ጫማ
ዛሬ ስለ ካናዳዊው ቀያሽ ዊልያም ኦግልቪ ሳነብ ዋልኩ። በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ዩኮን ውስጥ ባለው በክሎንዳይክ የወርቅ ግርግር (እ.ኤ.አ. 1897) በቦናንዛና በኤልዶራዶ ጅረቶች ላይ የቆፋሪዎቹን ይዞታ እንደገና የለካው እሱ ነው።

የዚያን ጊዜው ደንብ ለአንድ ሰው በጅረቱ ርዝመት 500 ጫማ ብቻ ይፈቅድ ነበር። ቀድሞ የደረሰው ግን በገመድ ወይም በእርምጃ ገምቶ ችካሉን ስለተከለ፣ አንዱ ሲያጥረው ሌላው ይተርፈው ነበር። የተረፈችው ቁራሽ ደግሞ ቀድሞ ችካል ለተከለባት ነበረች።

ቦናንዛ ላይ 86 ጫማ ስትተርፍ ኦግልቪ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ብሎ ለራሱ አልያዛትም። የመለኪያ ሰንሰለት ያዡ ዲክ ሎው እያቅማማ ወሰዳት፤ ሊሸጣት ቢሞክር ገዢ አጣ። (ደግነቱ!) በኋላ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወርቅ ወጣባት።

ኦግልቪ ከ1898 እስከ 1901 የዩኮን ኮሚሽነር ሆኖ ግዛቱን አስተዳደረ።