ስምጥ ሸለቆን በሥዕል ሳስተምር

አዳማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሚኖሩት ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ማስረዳት አይከብደኝም ብዬ ነበር።

መሬት እንደ ዳቦ በቢላ ተቆርጣ ብትታይ ምን እንደምትመስል ሰሌዳው ላይ ሣልኩ። ከላይ ስስ ቅርፊት፣ መሃሉ ላይ ስንጥቅ፣ ከሥር ማንትል የሚባለው ወፍራም ንብርብር። ማንትሉ ሙቅ ስለሆነ በቀይ ጠመኔ ሞላሁት። ልጆቹም አሳምረው ገለበጡት።

ፈተና ሳርም ደነገጥኩ። «ከስምጥ ሸለቆ ሥር ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄ ብዙዎቹ «የእሳት ባሕር» ብለዋል። እኔ በአፌ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ሥዕሌ ግን ብሏል። ማንትል እኮ ከሞላ ጎደል ጠጣር ዐለት ነው፤ በሚሊዮን ዓመታት ቀስ እያለ የሚፈስ ዐለት። ቅርፊቱ ሲሳሳ ሙቁ ዐለት ወደ ላይ ይወጣል፣ ግፊቱ ይቀልለታል፣ ያኔ ጥቂቱ ይቀልጣል።

በዓመቱ ማንትሉን ቡናማ አደረግኩት። ቀዩ ጠመኔ ለቀለጠው ብቻ ሆነ፤ ከሸለቆው ሥር ጥቂት ነጠብጣብ።

ሌላም ስህተት ነበረብኝ። ስሙ ራሱ «ስምጥ» ይላል፤ እኔ ግን ስንጥቅ ነበር የሣልኩት። አሁን ሊጥ ይዤ እገባለሁ። ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ይስቡታል፣ መሃሉ ሲሳሳና ዝቅ ሲል ሁሉም ያያል። ከዚያ ሦስት ሥዕል በተከታታይ እሥላለሁ፦ ወፍራም ቅርፊት፣ የሳሳ ቅርፊት፣ መሃሉ ተሰብሮ የሰመጠ ቅርፊት።

መሬቱ ግራና ቀኝ መሳቡን የሚያሳዩት ቀስቶችም አስቸግረውኛል። ቀስት አቅጣጫ እንጂ ፍጥነት አይናገርም። ስለዚህ ከጎኑ «በዓመት 5 ሚሊሜትር ገደማ» ብዬ እጽፋለሁ። ጥፍራችን በሁለት ወር ከሚያድገው አይበልጥም። ግን ሁልጊዜ እንዲህ ዝግ አይልም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

በጣም የለፋሁት በልኬት ነው። ዝዋይ አካባቢ ሸለቆው 80 ኪሎሜትር ያህል ይሰፋል፤ ወለሉ ከዳሩ ደጋ የሚያንሰው ግን አንድ ኪሎሜትር ገደማ ነው። 10 ኪሎሜትሩን በ1 ሳንቲሜትር ብንሥለው ስፋቱ 8 ሳንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሚሊሜትር ይሆናል። አይታይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተጋነነውን እሥልና እውነተኛውን ከሥሩ አኖራለሁ።

ዘንድሮ ደግሞ ጠመኔ ከማንሳቴ በፊት ባዶ ወረቀት አደልኩ። «ከቤታችሁ ሥር ያለውን ሣሉ» አልኳቸው። አንዷ ልጅ ውኃ ሣለች፣ ከውኃው ሥር እሳት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ለካ ሶደሬ ፍል ውኃ ሄዳ ታውቃለች። ትምህርቱን ከሶደሬ ጀመርን።